ከምድጃው በላይ የተሰቀለ ጊታር

በዚያ ክረምት ሮብ ገበያ በምትባለው የገጠር ቀበሌ ገብሱን በረዶ መታው። የነትሕትና ማሳ ሳያፈራ ጭድ ሆነ። ሁለት በግ ሞተ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ግድግዳው አላበው፤ ዕቃው ሻገተ።

ቤቱ ውስጥ ጊታር ነበር። ጊታሩ የትሕትና አይደለም። ደብረ ማርቆስ አብሯት የሚማረው ዘማርያም «ክረምቱን ተለማመጅበት» ብሎ ያዋሳት ነው። ዓመት ሙሉ ከትምህርት በኋላ እየቆየ ያስተማራትም እሱ ነበር። እርጥበቱ እንዳያበላሸው ስትሰጋ፣ አባቷ ሞፈር የሚያደርቁበትን፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ማገር አሳዩዋት።

«ስቀይው። እንጨት በጭስ ይጠነክራል።»

ለሞፈር እውነት ነው። ጊታር ግን በማጣበቂያ የተያያዘ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ ተላቀቀ፤ አንገቱ ተጣመመ።

መስከረም ላይ ዘማርያም ሲጠይቃት «ቤት ረሳሁት» አለችው። ጥቅምት ላይ «አባዬ መኪና ላይ ይሰበራል ብለው ከለከሉኝ» አለች። ኅዳር ላይ የከተማው ወጣቶች ማዕከል ፒያኖ ሲያስመጣ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። «ጊታር ሰለቸኝ» አለች። አልሰለቻትም። ፒያኖ ግን ተሸክመው ቤት የሚወስዱት ዕቃ አይደለም፤ ማንም መልሽ አይላትም።

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ረቡዕ ዕለት፣ በጋራው ትምህርት ላይ፣ የፒያኖ አስተማሪዋ እስከዳር ጣቶቿን አየችና «ግራ እጅሽ ከየት ነው እንዲህ የበረታው?» አለቻት።

በሩ ላይ የቆመው ዘማርያም ቀድሞ መለሰ፤ «ከኔ ጊታር ነዋ! ስሜ ይጠራ እንጂ፣ ቲቸር!»

ክፍሉ ሳቀ። የትሕትና ፊት ጋለ።

«ስሚ» አላት ሲወጡ፤ «ለወላጆች ቀን አንቺ በፒያኖ፣ እኔ በጊታር። ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። ሰበብ የለም!»

«እሺ።»

«እሺሽን አውቀዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ነው ያሳፈራት። ቢጠረጥራት ይቀላት ነበር።

ዓርብ ስንቅ ልትይዝ ሮብ ገበያ ቤቷ ሄደች። ጊታሩን ካስቀመጠችበት አወጣችው። በጥላሸት ጠቁሯል።

«ስቀይው ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሉ አባቷ። «መጥቼ ልንገረው?»

«ማሰቀሉ የእርስዎ ይሁን፣ አባዬ። መዋሸቱ የኔ ነው።»

አባቷ ጊታሩን ጆንያ ውስጥ ከተው አፉን በገመድ አሰሩላት።

ቅዳሜ በፒያኖው ክፍል ዘማርያም ገመዱን ፈታ። እያገላበጠ አየው። ከዚያ አሸተተው።

«ምን አድርገሽው ነው? ጠብሰሽው?»

ነገረችው። ማገሩን፣ ጭሱን፣ የመስከረሙን ውሸት፣ የጥቅምቱን፣ የኅዳሩን። አንድም አላስቀረችም።

«ዓመት ከመንፈቅ!» አለ። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ሰልችቷት ነው እያልሁ...» አልጨረሰውም። ጆንያውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

በሩ ላይ የፒያኖ መለማመጃ ተራ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ለአንድ ተማሪ ለብቻው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ የሷ ቅዳሜ ከአራት እስከ አምስት። ቀድማው ደረሰች። እስከ ሰኔ ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ስሟን ሰርዛ የሱን ጻፈች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዓመት ሙሉ አስተምረኸኛል። ቁጭ በል።»

የፒያኖውን ወንበር ሳበችለትና ከጎኑ ቆመች። ዘማርያም ፊቱን ሳይፈታ ተቀመጠ። ጆንያውን እግሩ ሥር አኖረ። አንዷን ነጭ ቁልፍ በሌባ ጣቱ ተጫናት።

«በአውራ ጣትህ» አለችው።