የበግ ጸጉር ግድግዳ

ትርሲት ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ትመጣና አስፋልቱ ላይ ወርዳ፣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዛ ወደ አክስቷ ቤት ትወርዳለች። ሰላም ከማለቷ በፊት ቤቱን ትዞረዋለች። የጣሪያውን ክፈፍ አንጋጣ ታያለች፣ የታችኞቹ ሳንቃዎች ዝናብ ጠጥተው እንደሆነ በመዳፏ ትፈትሻለች፣ ከዚያ በኋላ ነው በሩን የምታንኳኳው። ቤቱን ለመሥሪያ ቤቷ ናሙና እንዲሆን የነደፈችው እሷ ናት። ሲሚንቶም ብሎኬትም የለበትም፤ ከፋብሪካ ጭስ የወጣ ነገር በተቻለ መጠን እንዳይገባበት ተብሎ የተሠራ ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው። ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም ሳንቃ ተመትቶበት፣ መሃሉ ታጥቦ በተነደፈ የበግ ጸጉር ተጠቅጥቋል። የዚያን አገር ብርድ የሚያውቅ ሰው ገብቶ ትንሽ እንደተቀመጠ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል።

አክስቷ እትዬ ዘርፌ ለዚህ ቤት ሲሉ የጭቃ ቤታቸውን አፍርሰው እንጨቱን ማገዶ አድርገውታል። ሌላ መግቢያ የላቸውም። አንድ ልጃቸው እልፌ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ለለቅሶዋ የተላጩትንም ጸጉር መልሰው አላሳደጉም።

ክረምቱ ሲገባ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ትርሲት እርጥበት ሲበዛ ግድግዳው በግ በግ ሊል እንደሚችል ታውቅ ነበር፣ ለመሥሪያ ቤቷም አስቀድማ ተናግራለች። በሩን ከፍታ ስትገባ የተቀበላት ሽታ ግን የበግ አልነበረም። አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ነው፤ ሴት ለበዓል ዋዜማ አናቷ ላይ አድርጋው፣ ቀስ እያለ ቀልጦ ወደ ማጅራቷ የሚወርድ ዓይነት። የሽታውን መነሻ በአፍንጫዋ እየተከተለች ክፍሉን ዞረችና ከአልጋው ራስጌ ስትደርስ ቆመች። ሽታው ከዚያ ግድግዳ እንዳይሆን ፈርታ ነበር፤ ከዚያው ነው።

ቤቱ ሲሠራ መጨረሻ የተዘጋው ግድግዳ ያ ነበር። ሊዘጋ አንድ ሳንቃ ሲቀረው የበግ ጸጉሩ አለቀ። የታጠበው በበልጉ ዝናብ ምክንያት አልደረቀም፤ እርጥቡን ማስገባት ደግሞ እንጨቱን ማበስበስ ነው። ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች መኪና ከአስፋልቱ ወደ ታች ሲታጠፍ ይሰማል። አናጢው ጋሼ ደምሰው ሳንቃውን በትከሻቸው ደግፈው፣ ምስማር በጥርሳቸው ነክሰው ይጠብቋታል።

«ኢንጂነር፣ በጉን ከነነፍሱ እናስገባውና ይለቅልን?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጣ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለ ጆንያ አወረደች። ከላይ የበግ ጸጉር ነበር። ከሥሩ ግን በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አገኘች፤ ሻሹን ስትፈታው ረጅም፣ ጥቁር፣ ጫፉ ሂና የነካው ጸጉር ክንዷ ላይ ተዘረገፈ። የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነበር። እልፌ ታማ በተኛች ጊዜ እናቷ ቆርጠው ያስቀመጡት ነው። መኪናው ደጅ ላይ ቆመ። ትርሲት «ኋላ አወጣዋለሁ» ብላ ጸጉሩን ከነሻሹ ክፍተቱ ውስጥ በጡጫዋ ወተፈችው። «ይምቱት» አለች። ጋሼ ደምሰው መቱት።

እንግዶቹ ያንኑ ግድግዳ እየዳበሱ አደነቁ። አንዷ «የየት አገር በግ ነው?» ስትላት ትርሲት ፈገግ ብላ «የመንዝ» አለቻት። ያቺን ፈገግታ ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ ይግላል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ብቻዋን እየሄደች ዓይኗን ትጨፍናለች። እትዬ ዘርፌ ስለ ጆንያው አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ቢጠይቋት ይሻል ነበር።

ከሽታው በኋላ ድምፁ መጣ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ይንቋቋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትርሲት ሁለቱንም ለይታ ታውቃለች። ይኼኛው ረጅምና ደረቅ ነበር፤ ከላይ ይጀምርና እየፋቀ ይወርዳል፣ መሃል ላይ አንዳች ነገር እንደ ያዘው ይቆማል፣ ጥቂት ታግሎ ይላቀቅና ቁልቁል ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ከላይ። ሚዶ ነው። ቋጠሮ የያዘው ሚዶ።

«አይጥ ገብቶ ይሆን እንዴ?» አለች ትርሲት።

«አይጥ የለም» አሉ እትዬ ዘርፌ ምስር እየለቀሙ። «ደህና ቤት ነው የሠራሽልኝ። አሁን ምን ያስበረግግሻል?»

በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለት ሳንቃዎች በሚገጥሙበት፣ ምላጭ በማታስገባ ስንጥቅ ውስጥ ቀላ ያሉ ጥቂት ጸጉሮች ብቅ ብለው አየች። እትዬ ዘርፌ ውጭ ላሚቱን ሲያልቡ ጠብቃ በመቀስ ቆረጠቻቸው፤ ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት ለነፋስ ሰጠቻቸው። በሳምንቱ ስትመጣ ከስንጥቁ አንድ ስንዝር የሚሆን ጸጉር ወርዷል። ሂናው የለም። ጥቁር ነው፣ ሥሩ ድረስ ቅቤ የጠጣ፣ በጥንቃቄ የተበጠረ። ትራሱም ጸጉሩን እንዳይጫነው ከግድግዳው ራቅ ተደርጓል። ሳንቃውን በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ከጆሮ ኋላ ያለ የሰው ገላ የሚሞቀውን ያህል ይሞቃል። መቀሱን አላወጣችም።

ግድግዳውን መክፈት ትችላለች። ምስማሩን ነቅሎ ሻሹን ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ ነው። ግን ለምን እንደምትከፍተው መናገር አለባት። ይህን እያሰበች እያለ መሥሪያ ቤቷ ለመላው መንደሩ እንዲህ ያለ ቤት እንዲሠራ ወሰነ፤ ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት። በማግስቱ ምስማር መንቀያ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ መጣች። ጉሙ ከሰዓት በኋላውን አጨልሞት ነበር። ዝናቡ ከባሕር ዛፉ አናት ጀምሮ እየተንጋጋ ሲመጣ ይሰማል። ቤቱን ሳትዞር ቀጥታ ገባች።

«እትዬ፣ ዕቃ ቤት የነበረው ጆንያ…»

«እህ?»

«የእልፌን ጸጉር ግድግዳው ውስጥ ወተፍኩት። እንግዶቹ ደርሰውብኝ ነው። አይ፣ እሱም ሰበብ ነው። የእሷ መሆኑን አይቼ፣ አውቄ ነው።»

እትዬ ዘርፌ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። አልጮሁም፤ ደረታቸውንም አልመቱም።

«ባዶውን ጆንያ ያኔውኑ አግኝቼዋለሁ። ከአፍሽ እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው» አሉ። «በይ ተቀመጪ፤ ቆመሽ አታልቅሽ።»

ትርሲት ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፣ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋ፤ የራሷ ልቅሶ እንኳ አይሰማትም ነበር። ጣቶች ከማጅራቷ ጀምረው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ። የጸጉሯን ማሰሪያ ፈቱ፣ መሃል ለመሃል ከፈሉት፣ ከአንዱ ወገን ቀጭን ዘለላ እየመዘዙ መጎንጎን ያዙ። የቅቤው ሽታ አፏ ውስጥ እስኪገባ በረታ። ሰው ሲነካካት የማትወደው ትርሲት እንደ ሕፃን አንገቷን ለጣቶቹ ለቀቀች። ይህን ሁሉ አድርጋ በዚህ ቀላልነት ይቅር መባሏ ሌላ ኃፍረት ሆነባት፤ ሰውነቷ ግን አረፈ። ዝናቡ እየሳሳ ሄደ። ጉንጉኑ እየጠነከረ፣ ቆዳዋን ከአጥንቷ ሊያላቅቅ እስኪደርስ እየሳበ መጣ።

«እትዬ፣ አሳመሙኝ እኮ» አለች ፊቷን ሳትገልጥ።

ከውጭ፣ ከክፍቱ በር ማዶ፣ በጎቹን ወደ በረት የሚያስገቡት የእትዬ ዘርፌ ድምፅ መለሰላት፦ «ታገሻት ልጄ፤ የሰው ጸጉር ከነካች ቆይታለች።»