የመስኮቱ ሰም

አንጥረኛው አማረ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰም በሚቀርጽበት ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። የብር መስቀል ሲሠራ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ በጭቃ ሸፍኖ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ብር ያፈስበታል።

«ወንድሙ ጓዴ ነው የገደለው!» አለች ሚስቱ ሰርኬ ደረቷን እየደቃች። «ጠዋት አረቄ ይዞለት መጣ። እሱም አንጥረኛ ነው፤ በወንድሙ የእጅ ጥበብ ይቀና ነበር!»

ጓዴ በካቴና ታስሮ ቆሟል። «እትዬ፣ እኔም ከዚያው ጠርሙስ ጠጥቻለሁ እኮ!» ማን ይስማው! ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል።

«ከእሱ በኋላስ ማን መጣ?» አለ ኢንስፔክተር ቀለመ ወርቅ።

«እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ እንድርያስ። «ያዘዝኩት መስቀል ዘገየ ብዬ ተቆጣሁት። ራሴን አመመኝ አለኝ፤ እኔንም ሲያዞረኝ ቶሎ ወጣሁ።»

ቀለመ ወርቅ ጠርጣራ ነው፤ እንባ አያታልለውም። ሬሳው ላይ አጎነበሰ። ፊቱ አልገረጣም፤ ቀልቷል። አጠገቡ የመቅረጫ ቢላዋው የሚግልበት የከሰል ምድጃ አለ። የተዘጋውን መስኮት ዳሰሰ። ስንጥቁ ሁሉ በሰም ተደፍኗል፤ ሰሙም ላይ የገብስ ዱቄት አለ። የሰም ፍቅፋቂ የሚጠራቀምበት ጣሳ ባዶ ነው።

ምነው ባላየሁት አለ በልቡ። ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«አረቄውን ጓዴም ጠጥቶታል፤ ምንም አልሆነም። መሪጌታ ግን ሳይጠጡ አዞራቸው። ፊቱን ያቀላውም የገደለውም የከሰሉ ጭስ ነው። ጭሱን እያስወጣ አማረን ዐሥር ዓመት ያኖረው ይህ ስንጥቅ ነበር። ማን ደፈነው? አንጥረኛ ፍቅፋቂውን መልሶ ያቀልጠዋል እንጂ መስኮት ላይ አያባክነውም። መሪጌታም ሊጥ አያቦኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይዘሮ ሰርኬ፣ ዛሬ ገብስ አቡክተዋል?»

ሰርኬ ጣቶቿን አየች።

«ይስል ነበር» አለች። «ነፋሱ ደረቱን ፈጀው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ደፈንኩለት፣ እንዲሞቀው ብዬ! ሲመለስ ሰሙን ጨረስሽብኝ ብሎ ሳቀብኝ። አዬ ጉዴ! በእጄ ገደልኩት?»

የጓዴ ካቴና ተፈታ፤ ደስታ ግን አላሳየም።

ሰርኬ ባሏ የጀመረውን የሰም መስቀል ከጠረጴዛው አንስታ አጥብቃ ጨበጠችው። ብዙ ካለቀሰች በኋላ ወደ ጓዴ ዘረጋችው። «የእጁን ሥራ አንተ ጨርስልኝ።»

እጇን ስትከፍት ሰሙ በሙቀቷ ለስልሶ ቅርጹ ጠፍቷል።

«እሺ እትዬ» አለ ጓዴ። ሌላ ምን ይበላት?