ቀዩን አበራሁት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ አስር ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፣ ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የሣር ሜዳ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከሥራ መልስ ጓሮው ገብቶ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሲሠራ ዓመታት ቆጠረ። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። «ምስጥም ክንፍ የሚያወጣው ሊጠፋ ሲል ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቃል።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስለሆንኩ «ሽቦ» ነው የሚለኝ። የሞተሩን መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ እሳት ካልሰጠው ቀጥ ይላል። መኪና ቢሆን ዳር ይዘህ ትቆማለህ። ሰማይ ላይ ዳር የለም። ስለዚህ ዋናው እሳት ቢከዳ የሚተካ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ማብሪያ ያለው።

ያን ቀን መጠባበቂያው ገና አልተገጠመም። ባትሪውም ማብሪያውም መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። አውሮፕላኗ ውስጥ ያለው ለማብሪያው የበሳሁት ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ዛሬ መሬት ለመሬት ነው፣ ጋሼ» አልኩት።

«መሬት ለመሬት» አለኝ።

ሜዳውን አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ... ድንገት ንፋስ መጣና ጎማዎቹ ከሣሩ ለቀቁ።

እትዬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«ሽቦ... ተነሳች እኮ» አለ እጄ ላይ ባለው መነጋገሪያ ሬዲዮ። ድምፁ የሕፃን ልጅ ሆነ።

«ጋሼ፣ ውረድ።»

«አንዴ ልዙርባት።»

ከሜዳው ማዶ ካሉት ዛፎች በላይ ሲደርስ... የሞተሩ ድምፅ ተቆረጠ።

«እሳት የለም... ሽቦ፣ እሳት የለም...»

አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ ከዛፎቹ ጀርባ ገባች።

ጠበቅን... ምንም።

የሚሰበር ነገር ድምፅ የለም። ጭስ የለም። ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች እንኳ ዝም አሉ።

ከዚያ ሞተር ሰማሁ።

እትዬ «ተመስገን» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን ቆሜ አዳመጥኩ። የእኛን ሞተር አውቀዋለሁ፤ ያስላል፣ ይንተባተባል። ይሄኛው አንዴም አላሳለም።

«ሠራ» አለ ሬዲዮው፣ ረጋ ብሎ። «መጠባበቂያውን አበራሁት።»

ዞሬ መኪናዬን አየሁ። ሁሉም ዕቃ የኋላ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው።

እትዬ እንዳትሰማ ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«የቱን ማብሪያ?»

«ቀዩን።»

እኔ የገዛሁት ጥቁር ነው።

ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለና አረፈ። ሣሩ ላይ ትንሽ እንኳ ሳይነጥር፣ ልክ ዕድሜውን ሙሉ ሲበር እንደኖረ ሰው። አጠገባችን መጥቶ ቆመ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

እትዬ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

እኔ ወደ አውሮፕላኗ ሮጥኩ። ቀዳዳው ባዶ ነው። ለመጠባበቂያው የጠቀለልኳቸው ሽቦዎች እንደጠቀለልኳቸው ናቸው። እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። አሁን ከሰማይ የወረደ ሞተር ሊፋጅ ይገባው ነበር።

ቀዝቃዛ ነው። የጉድጓድ ውኃ።

ስመለስ እትዬ ለቅሶዋን አቁማለች። ክንዶቿን ቀስ ብላ ከአንገቱ ላይ አነሳች... ወደኋላ እየሸሸች እኔ ጋ መጣች።

«ምነው እትዬ?»

«ጠረኑ...» አለች በሹክሹክታ። «የሱ አይደለም።»

«ድንጋጤ ነው፣ እትዬ። ላብ ነው።»

«ስንት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ...»

እሱ ቆሞ ያየናል። ፈገግ ብሏል።

«ጋሼ... ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ» አለና እናቴ ባወጣችልኝ ስም ጠራኝ። ጋሼ በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል እጄ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ።

«ሽቦ... ትሰማኛለህ?»

የጋሼ ድምፅ ነው። እየተንቀጠቀጠ፣ እየተቆራረጠ።

«ዛፎቹን አልፌያለሁ መሰለኝ... ግን ሜዳው የለም። ሽቦ... ሜዳው የታለ? አንተም አትታየኝም፣ እሷም አት...»

ፊት ለፊታችን የቆመው ሰው እጁን ዘረጋ። ከልጅ እጅ ምላጭ እንደሚቀበል ሰው፣ በቀስታ ሬዲዮውን ወሰደብኝና አጠፋው።

«ወደ ቤት እንሂድ» አለ።

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ጥርት ያለ፣ ባዶ። አንዳች ድምፅ የለም።

ከዛፎቹ በኩል ግን፣ ሣሩ ላይ... የአውሮፕላን ጥላ ወደ እኛ መጣ። ክንፉ፣ ጭራው፣ ሁሉም በግልጽ ይታያል። በእኔ ላይ ሲያልፍ ፊቴን ቀዘቀዘኝ። በእትዬ ላይ አለፈ።

እሱ ጋ ሲደርስ... ሰውየው ጥላው እንዳይነካው እግሩን ሰብስቦ ዞር አለና አሳለፈው።