ያልበራው ስክሪን

መምህር ምንያህል ከሞተ ሦስት ቀኑ ነው። አዲሱ ኮምፒውተሩ ግን አሶሳ ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር በታሸገው ክፍል ውስጥ ራሱ ይነሳና ማራገቢያው ይጮኻል። የግቢው ሰው «መምህሩ ሥራው ላይ ተቀምጧል» እያለ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል።

ኢንስፔክተር አሰፋሽ እሽጉን ቆርጣ በሩን ስትከፍት ሻዕባን በካቴና እንደታሰረ ደጃፉ ላይ ቀረ። ጓደኛው ምንያህል ሞቶ የተገኘው እዚያ፣ ጎኑ ከተከፈተው ኮምፒውተር ሥር ነበር። የቤቱን የመብራት መስመር የዘረጋው ሻዕባን ነው። ፖሊስ «ኤሌክትሪክ ያዘው» ብሎ ሲያስረው አልተከራከረም፤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የገዛ እጁ ሽቦ ሲያጠብቅ ይታየዋል።

ማራገቢያው በድንገት ጮኸ። ሻዕባን «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«መብራት መጣ» አለች አሰፋሽ። «ለምን ራሱ ይነሳል?»

«እየሠራ ሳለ መብራት ከሄደበት፣ ሲመጣ ይነሳል። ያጠፋው ሰው የለም ማለት ነው።»

«እንግዲህ ግባ። ሐኪሙ እጁ ላይ ቃጠሎ አላገኘም፤ የራስ ቅሉ ግን ከኋላ ተሰብሯል።»

«ይዞት ሲወድቅ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ግን የሞተ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውሎልህ ነበር። ለምን አላነሳህም?»

ሻዕባን አንገቱን ደፋ። «አኩርፌው ነበር። ዕቃውን ከአዲስ አበባ ለቃቅሞ ሲያስመጣ ‹እኔ ልግጠመው› ስለው ‹ራሴ እገጥመዋለሁ› አለኝ። እንግዲያው ራሱ ይወጣው አልኩ።»

አሰፋሽ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ያልገባትን ለመጠየቅ አታፍርም፣ የገባትን ግን ቶሎ አትናገርም። «በል፣ ማሽኑን መርምርልኝ» አለችው።

ተንበርክኮ መጀመሪያ የራሱን ሽቦ አየ። አልላላም፣ አልተላጠም። ከዚያ የኮምፒውተሩን ጀርባ ሲያይ እጁ ቆመ።

«የስክሪኑ ገመድ ያለ ቦታው ነው የተሰካው። የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ገመዳቸው እዚህ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ስለሚሰካ ለምዶበት ነው። ይሄኛው ምስል የሚያወጣው ከታች ባለው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። እዩት፣ የካርዱ ቀዳዳዎች የፋብሪካ ክዳናቸው እንኳ አልተነሳም።»

«ይሄ ባዶውን የተንጠለጠለውስ?»

«የድሮ ላፕቶፑን ዲስክ የሚያነብበት ገመድ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት።» ዲስኩ ግን የለም።

ውጭ፣ ከማንጎው ሥር፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ሀምዲያና የሟቹ የሥራ ባልደረባ መምህር ስዩም ይጠብቁ ነበር።

«እኔ ወላሂ በረንዳ ላይ ነበርኩ» አሉ እማማ ሀምዲያ። «መምህር ስዩም ገባ፣ ወጣ። ከዚያ ሌላ ሰው የለም።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ ደህና ነበር» አለ ስዩም። «በአዲሱ ስክሪን የዳቡስ ወንዝን የጎርፍ ካርታ እያሳየኝ ነበር። ቀለሙ ልዩ ነው እያለ ይኩራራብኝ ነበር።»

ሻዕባን ቀና ብሎ አሰፋሽን አያት። እሷ ግን «ሁላችሁም ግቡ» ብቻ አለች።

በጠባቧ ክፍል ተፋፍገው ቆሙ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

«ካርታውን ያዩት በዚህ ላይ ነው?»

«አዎ። አሁን ተበላሽቶ ይሆናል።»

አሰፋሽ ለሻዕባን አንገቷን ነቀነቀች። ካቴና ባሰረው እጁ ክዳኑን ነቅሎ፣ ገመዱን ወደ ካርዱ አዛውሮ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። ስክሪኑ ቦግ ሲል እማማ ሀምዲያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አልተበላሸም» አለች አሰፋሽ። «ክዳኑ እስካሁን ከነበረ ይህ ስክሪን በምንያህል ዕድሜ በርቶ አያውቅም። ያላዩትን ካርታ አየሁ ያሉት፣ ስወጣ በሕይወት ነበር ለማለት ነው። ከእርስዎ በኋላ የገባ የለም፤ ሽቦውም ደህና ነው። ምንያህል ባለፈው ሳምንት ‹ስዩም ጥናቴን በስሙ አቀረበብኝ› ብሎ ለዲኑ አቤት ብሏል። ማስረጃው የነበረበት ዲስክ ጠፍቷል። የት አደረጉት?»

ስዩም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቢሮዬ ነው። ልገድለው አላሰብኩም። ማስረጃውን ሊያሳየኝ ሲል ስክሪኑ እምቢ አለው፤ ዲስኩን ነጠቅኩት፤ ስንጓተት ገፋሁት፣ የጠረጴዛው ጠርዝ አገኘው። ስክሪኑ ቢበራለት ኖሮ አፍሬ እወጣ ነበር።»

ፖሊሶች ስዩምን ይዘው ሲወጡ ሻዕባን ከቆመበት አልተነቃነቀም። አሰፋሽ መጥታ ካቴናውን ፈታችለት።

«አንተ አልገደልከውም።»

«ስልኩን ባነሳለት ኖሮ ‹ገመዱን ወደ ታች ሰካው› ነበር የምለው። ይህቺው ናት።»

«ስልክ ባለማንሳቱ የሚከሰስ ሰው የለም፣ ሻዕባን።»

«አውቃለሁ» አላት። ሁለቱን እጆቹን ግን አሁንም እንደታሰረ ሰው ወደ እሷ እንደዘረጋ ነበር።