ዳንቴል የለበሰው መብራት

ዜማ የዳንቴሉን ጫፍ ያየችው ውኃው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እናቷ ጥሩነሽ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑንና የብፌውን አናት እንደምታለብስ ሁሉ፣ ማኅበርተኞች ከመምጣታቸው በፊት የዓሣ ገንዳውን መብራትም ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። አንዱ ጫፍ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ተነክሯል፤ ሌላው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ባለብዙ ሶኬት የኤሌክትሪክ ዲቫይደር ላይ ተንጠልጥሏል። ጋዝ በኩራዝ ክር ሽቅብ እንደሚሳብ፣ ውኃውም በዳንቴሉ እየተሳበ ነው።

«እማዬ፣ ዳንቴሉ...» ብላ ሳትጨርስ ጧ! አለ። ቤቱ ጨለመ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

«በስመ አብ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ሥራነሽ፣ ጠላው ቀሚሳቸው ላይ እየተደፋ።

«ብዬ ነበር!» ጮኸች እናቷ። «ይኼ የባሕር ጣጣ አንድ ቀን ቤቴን ያነደዋል ብዬ ነበር! ይቺ ልጅ የሰቀለችው መብራት ሊፈጀን ነው!»

ዜማ ወደ እናቷ ዞረች። እሷ የሰቀለችው መብራት ነው የሚፈጀው?

ገንዳውን ያመጣላት የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው አጎቷ አንሙት ነው። ከነባሕር ውኃው፣ ከሁለት ዓሣና ድንጋይ ከሚመስል ግን ነፍስ ካለው ኮራል ጋር። ኮራል ያለ ብርሃን አይኖርም። ዜማ ከአጎቷ ጋር የደብረ ማርቆስን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ዞራ ዞራ፣ ውኃ ከማሞቅ የማያልፈውን ቢጫ አምፖል ትታ፣ ሰማያዊና ነጭ የሚያበራ ኤል ኢ ዲ መረጠች። ባለሱቁ «በሲባጎ እሰሪው፣ ይበቃዋል» ቢላት እምቢ አለች። በሁለት ሰንሰለት፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዘው፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ከውኃው አንድ ክንድ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ገመዱንም ወደ ዲቫይደሩ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ዘለስ አደረገችው፤ ጠብታ ቢወርድበት ወለሉ ላይ እንዲንጠባጠብ እንጂ ሶኬት እንዳይገባ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያሰበች ልጅ ናት «የሰቀለችው መብራት ሊፈጀን ነው» የምትባለው።

«እንዳላማው፣ ብሬከሩን መልሰው!» አለች እናቷ።

ወንድሟ በስልኩ እያበራ ወደ ቆጣሪው ሲራመድ ዜማ ሮጣ ፊቱ ተደነቀረች።

«እንዳትነካው! መጀመሪያ ዲቫይደሩ ይነቀል።»

«ኧረ አታካብጂ!»

«ርሷል እኮ! ብትመልሰው እንደገና ይፈነዳል።»

«በእንግዳ ፊት ነው የምትሟገቺው?» አለች እናቷ። ዜማ ግን አልተነቃነቀችም።

እንዳላማው ስልኩን ወደ ገንዳው አዞረና አፉን ይዞ ቀረ። «እማዬ፣ ውኃ በውኃ ሆኗል» አለ በቀስታ። ዜማ በደረቅ እጇ የዲቫይደሩን መሰኪያ ከግድግዳው ነቀለች፤ ዳንቴሉን አነሳች። ከዚያ ብሬከሩ ተመለሰ።

ሁሉም አዩት። ዲቫይደሩ ጠቁሮ ቀልጧል፤ ዳንቴሉ ጫፉ ተቃጥሏል።

«ኧረ ማነው ይኼን ያለበሰው?» አሉ እትዬ ሥራነሽ።

እናቷ የጠላውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ያልጎደለ ብርጭቆ መሙላት ጀመረች። ዜማ ጠበቀች። «እኔ ነኝ» እንድትል ብቻ።

«እማዬ ናት» አለች ዜማ። «ሽቦው ያስጠላል ብላ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» እትዬ ሥራነሽ ደረታቸውን ያዙ። «እኔስ ፍሪጄን ከነስታብላይዘሩ አልብሼው የለ!» ብለው ነጠላቸውን ለቃቅመው ወጡ። ሌሎቹም ብዙ አልቆዩም።

እናትና ልጅ ተፋጠጡ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለች እናቷ።

«አንቺስ የሰደብሽኝ በሰው ፊት አይደል?»

«አንሙት ነገ መጥቶ ይውሰደው። እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አስቀምጬ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ስልኳን አነሳች፤ ግን አልደወለችም። «ይቅርታ ካልሽኝ ይቀራል።»

ዜማ ገንዳውን አየች። መብራቱ ጠፍቶ ኮራሉ ግራጫ መስሏል። ሁለት ቃል ብትናገር ይተርፋል። ቃላቱ አፏ ድረስ መጡ።

«ያጠፋሁ ዕለት ጉልበትሽን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «ይኼን ግን እኔ አላጠፋሁም። ይውሰደው።»

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

እናቷ ስልኩን በእጇ እያገላበጠች ወደ ኮራሉ ዞረች።

«ሳይበራለት ስንት ቀን ይከርማል?»

«ሁለት ሦስት ቀን አይሞትም።»

«እህ።»

ለአንሙት ሳትደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሣች። እንደ ወትሮዋ በሩን ቆልፋ፣ መዘጋቱን ደጋግማ እየገፋች ፈተሸች።