አውቶቡሱ ተገልብጧል

«የአራተኛ ክፍል ልጆችን የያዘው አውቶቡስ ተገልብጧል። ወላጆች ወደ ድልድዩ ድረሱ።»

በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር። ወላጆች በስልካቸው አነበቡት። ባለሱቁ ሱቁን ክፍቱን ጥሎ ሮጠ። ድስት የጣደችውም እንደጣደች ወጣች።

ድልድዩ ላይ አውቶቡስ አልነበረም። ልጆቹ ከሽርሽራቸው እየዘፈኑ ተመለሱ። አንድ አባት ግን መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ገባ። ይተርፍ አይተርፍ አልታወቀም።

የድረ ገጹ ሲስተም የለጠፈው ብሎ የመዘገበው አንድ ስም ነው፤ የድረ ገጹ ሠራተኛ፣ በቁመቷ ማጠር ሁሉም «ሚጢጢ» የሚላት።

«አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?» አለ ትምህርት ቤቱ ድረስ የመጣው የፖሊስ መርማሪ።

«የእኔም ልጅ እኮ እዚያ ውስጥ ነበረች!»

አንድ እግሯ ባዶውን ነበር። ስትሮጥ የወለቀ ጫማዋን እንኳ አላነሳችም።

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

«የስፖርት መምህሩ። የውድድር ውጤት ይለጥፋል። እቴቴም ልጄ ስትታመም ትሸፍንልኛለች።»

እቴቴ የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ናት። ሚጢጢን ሥራ ያስገባቻት፣ አራስ ሳለች አጠገቧ የከረመች እሷ ናት። አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለች። «ብትታሰሪም ልጅሽ እኔ ቤት ትሆናለች።»

ሚጢጢ ቀና አለች። መታሰርን ያነሳ ሰው ገና አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ እያለከለከ ገባ። ቢሮውን ሳይቆልፍ ነበር ወደ ድልድዩ የሮጠው። ሲመለስ የማጠቃለያ ፈተናው ፖስታ የለም።

መርማሪው ተጠርቶ ወደመጣው የስፖርት መምህር ዞረ። በቅርቡ ከሚጢጢ ጋር ተጣልተዋል።

«ድረ ገጹ ላይ ፎቶዬን ቆረጠችው ብዬ አገር ላሸብር?» አለ መምህሩ። «ጌታዬ፣ እኔ በሰዓቱ ሜዳ ላይ ፊሽካ ስነፋ ነበር!»

«ጽሑፍ እኮ በቀጠሮ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል» አለች ሚጢጢ በቀስታ።

«በይ፣ አንቺም ግደይኝ!»

መርማሪው ስልኩን አወጣ። የማስታወቂያው ርዕስ ተሰባብሯል፤ አንዱ ቃል ግራ፣ ሌላው ቀኝ ዳር ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሚጢጢ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ርዕስን መሐል ለማድረግ አንዲት ምልክት መንካት ይበቃል። የጽሕፈት መኪና የለመደ እጅ ግን በባዶ ቦታ እየገፋ ይወስደዋል። ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ስልክ ላይ ይፈራርሳል። ሚጢጢ ይህን ስንቴ አርማዋለች፤ ስንቴስ ስቃበታለች።

«የማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለ መርማሪው።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አንቺን ይዤ ነው የምሄደው።»

ሚጢጢ እቴቴን አየቻት። እቴቴ ዓይኗን ሰበረች።

«አዲስ ጽሑፍ አስከፍታቸው» አለች ሚጢጢ። «ሁለቱም ርዕስ ይጻፉ። መሐል ላይ።»

መምህሩ ምልክቷን ነካና ተነሣ።

እቴቴ ተቀመጠች። አውራ ጣቷ ሰፊውን የባዶ ቦታ ቁልፍ ቸብ ቸብ አደረገ። ከዚያ ቆመ። የክፍሉ ሰው ሁሉ አውራ ጣቷን እያየ ነበር።

ፖስታው ከእቴቴ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ልጇ አምና ወድቋል፤ ዘንድሮ ከደገመ ይባረራል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ቢሮውን ክፍት ጥሎ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ካልሮጠ በቀር።

«ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም» አለች።

«እኔ እንደምሮጥ ግን አስበሻል።» ሚጢጢ እቴቴ ብላ አልጠራቻትም። «በስሜ ነው የጻፍሽው። ልጄ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለች ታውቂ ነበር፤ መስኮት ዳር ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ።»



በር ላይ የሚጢጢ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ትጠብቃለች።

«እማ፣ ዛሬ እቴቴ ናት የምትወስደኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«ከእንግዲህ ማንም አይወስድሽም» አለች እናቷ፤ ልጅቷ «አመመኝ» እስክትል ድረስ እጇን ጨብጣ።