ያልተነገረው መርዶ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩንም ዝጉትማ።

እናንተ ጨለማ ነው የምትፈሩት፣ አይደል? ሞኞች! ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ። ቀጭን መንገድ፣ ግራ ቀኙ ቁልቋል፣ ወፍ እንኳ ዝር የማይልበት።

ድሮ ነው። መንበሩ የሚባል አስተማሪ ነበረ። ከእጮኛው ከትርሲትና ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አንድ ታላቅ ደራሲ የተወለደበትን መንደር ሊያይ ሄደ። ማታውኑ ሊመለሱ ነው። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። እንግዲህ ሌሎቹ ዛፍ ሥር ምሳ ሲበሉ መንበሩ ትዕግሥት አጣ። የደራሲውን መጻሕፍት በቃሉ የሚወጣ ሰው ነዋ! ቤቱን ከሁሉም በፊት ማየት አማረው። ብቻውን ሄደ። ማን ሂድ አለው?

መጀመሪያ የእንዝርት ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ ነጭ ነጠላ አየ። ቀጥሎ አሮጊት። የፈረሰው የደራሲው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ጥላ የላትም። በቀትር ግን ማን ጥላ አለው? እሱም አልነበረውም።

«ደህና ዋሉ፣ እናቴ» አላት።

«ደህና። ልጄን አየኸው ወይ? ከተማ ሄዶ ቀረብኝ።»

«ማነው ልጅዎ?»

የደራሲውን ስም ጠራች።

መንበሩ ሳቀ። ወይኔ፣ ሳቀ! «እሱማ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ! አገር በሙሉ አልቅሶለት የለም እንዴ?»

እስቲ ንገሩኝ፣ መርዶ እንዲህ ይነገራል? በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገቧ ቆሞ አይደለም? የመንደሩ ሰው ፈርቶ፣ ዛሬ ነገ ሲል፣ ሳትሰማ ሞታ ነበር። እሱ ነገራት። ብቻውን።

እንዝርቷ ወደቀ። ተነሣች። «ልጄን!» ብላ ተንገዳገደች። መንበሩ ዘሎ ያዛት። ምን ያድርግ? ሌላ የሚይዛት የለ! እጆቿ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛሉ። ሊለቃት ሞከረ፤ አልቻለም። ቀና ብላ አየችው። ዓይን የላትም።

«እስኪወጣልኝ ያዘኝ። ሌላ የሚይዘኝ ካልመጣ አልለቅህም» አለችው።

የሠላሳ ዓመት ለቅሶ በስንት ቀን ይወጣል?

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ትርሲት ፍለጋ መጣች። ያየችው መንበሩን ብቻ ነው፤ ባዶ አየር አቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

«መንበሬ፣ ምን ሆንክ? እንሂድ እንጂ!»

«አሮጊቷ አትለቀኝም። ሌላ ሰው ካልያዛት አትለቀኝም።»

ፀሐይ መትቶታል ብላ አሰበች። ልታባብለው ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«በቃ፣ እኔ ያዝኳት። አንተ ልቀቃት።»

የተዘረጉት እጆቿ የማይታይ ነገር ከብዷቸው ወደ መሬት ዝቅ አሉ።

ጮኸች። መንበሩ እጁ ቀለለው። ይወዳት ነበር፤ አዎ፣ ከልቡ ይወዳት ነበር። ግን ሮጠ። «መንበሬ፣ ከበደችኝ! ተመለስ!» ስትል ሰምቷታል። እየሰማት ሮጠ።

ባልደረቦቹ ሄደው ቢፈልጉ ትርሲት የለችም። ከፈረሰው ቤት ውስጥ ለቅሶ ብቻ ይሰማል። የሁለት ሴት ድምፅ።

እና ብቻችሁን አትሂዱ። ስትሄዱም፣ የሚመለስላችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።